ፍትሐት በማሽላው ማሳ ጥግ

ሰኞ፣ ኅዳር ፭ ቀን ፲፱፻፴፩፣ ኮምቦልቻ

ከበሮውን ወሰደብን። አለቃዬ ጣልያኑ ፓድሬ ከደሴ ወርዶ ቤተ ክርስቲያናችን ገባ፤ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። ከበሮ የጭፈራ ነው፣ ቅዳሴውም በላቲን ይሁን አለኝ። በግዕዝ ብንቀድስም ካቶሊክ ነን፣ ከረን የተካንሁትም በዚሁ ሥርዓት ነው አልሁት። አልሰማኝም። ለእሱ ግማሽ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ለከተማው ሰው ደግሞ የጣልያን ቄስ።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፯

ከምእመናኔ አንዱ፣ ደስታ፣ ንዳዱ ጠንቶበታል። መንገድ ሥራ ላይ ነው የያዘው። ኪኒን ፍለጋ ሁለት ቦታ ሄድሁ፤ የለም። ቅዱስ ቅባት ቀባሁት። እናቱ እማማ ብርቄ ከደሴ ዙሪያ በእግራቸው መጥተዋል። ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ልጃቸው ወደ እኛ ከገባ ወዲህ ዐይኑን አላዩትም ነበር። መስቀሌን አልተሳለሙም። አልተቀየምኋቸውም።

ዓርብ፣ ኅዳር ፱

ጎህ ሲቀድ ዐረፈ።

የኦርቶዶክሱ ደብር አለቃ ካቶሊክ በግቢያችን አይቀበርም አሉ። ፓድሬው ደግሞ፣ የሚሲዮኑ መቃብር አለ፣ ጸሎቱ ግን በላቲን ብቻ ነው ብሎ ላከብኝ። ለእማማ ነገርኋቸው።

“አባ፣ በማላውቀው ቋንቋ ልጄን አይሸኙብኝ።”

አባ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው። ፈራሁ። ፓድሬውን እምቢ ካልሁት ከክህነቴ ያግደኛል። ሬሳው ውሎ ሊያድር ነው።

ጎረቤታችን ሼህ ይመር ሰምተው መጡ። ማሽላዬን ሰብስቤያለሁ፣ ከማሳው ጥግ ቆፍሩ፣ አላህ ይዘንለት አሉ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲

ቀበርነው። ፍትሐቱን በግዕዝ አደረስሁ። አንድ ቦታ ዘልዬ ተመለስሁ። “እግዚኦ ተሣሃለነ” ስል እማማ ብርቄ ከኋላዬ ተቀበሉኝ። ቀጥሎ አጥር ተደግፈው የቆሙት ኦርቶዶክስ ጎረቤቶች። የሼህ ይመር ልጆች አፈር መለሱ።

“ይኸ እኮ የኛው ነው” አሉ እማማ ስናበቃ።

የኛው ነው አልኋቸው። መስቀሌን ግን ዛሬም አልተሳለሙም።

እሑድ፣ ኅዳር ፲፩

ያለ ከበሮ ቀደስን። ሰዉ በጭብጨባ ሊያሞቀው ሞከረ፤ አልሞቀም።

ፓድሬው ፍትሐቱን ሳይሰማ አልቀረም፤ ደብዳቤው ደረሰኝ፦ ነገ ጧት ደሴ ቅረብ፣ ልብሰ ተክህኖህን ይዘህ። ነገ ሚካኤል ነው፤ ማን እንደሚቀድስላቸው አላውቅም። መጽሐፌን፣ ጋቢዬን፣ አንዲት ዳቦ ቋጠርሁ። ይመልሱኝ ይሆናል፤ ወደ ከረን ይሰዱኝም ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ እማማ ብርቄ ደጄ መጡ። አልተቀመጡም። የልጄን አርባ እርስዎው ያውጡልኝ አሉ።

አርባ ቀን ቀርቶ አርባ ሰዓት እዚህ መቆየቴን አላውቅም። እሺ አልኋቸው።