ማሽኗ እሁድ የዋለችበት ሐሙስ

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ጠዋት

ዛሬም ጮኸች። ጢጥ… ጢጥ… ጢጥ። ስክሪኑ ጨለማ። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ጢጥ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። ጢጥ። ጎኗን መታ መታ አደረግኳት፤ ጭራሽ ባሰባት።

ማስታወሻዬ፣ ታሪኳን ታውቂያለሽ። ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የገዛንላት ዴስክቶፕ ነች። ልጅቷ ተመረቀች፣ ሥራ ያዘች፣ አግብታ ሐዋሳ ገባች። ማሽኗ እኔ ጋ ቀረች። ሁለት ጡረተኞች አንድ ጠረጴዛ ላይ።

ለማንኛውም ዛሬ ሌላ ሥራ የለኝም። ነገም የለኝም። ስለዚህ እስክትነሳ እታገላታለሁ።

ሰኞ፣ ከሰዓት

መልእክት መጣ!!

አዲስ አበባ ካለው የኦንላይን አስጠኚ ድርጅት ነው። ማመልከቻዬን አይተውታል። አንድ የሙከራ ትምህርት ልስጥ፤ ጂኦግራፊ፣ ዘጠነኛ ክፍል፣ የእውነት ተማሪዎች ባሉበት። «ቅዳሜ 11:00። መግቢያው በኢሜይልዎ ተልኳል» ይላል። ካለፍኩ በየሳምንቱ ክፍል ይኖረኛል። ክፍል!

ላንቺ ብቻ ልንገርሽ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የናፈቀኝ ደመወዙ አይደለም። እጁን አውጥቶ «ጋሼ፣ ይሄ አልገባኝም» የሚለኝ ሰው ነው። በት/ቤቱ አጠገብ ሳልፍ ደወሉ ከተደወለ ልቤ ድንግጥ ይላል፤ ያረፈድኩ ይመስለኛል። ሰው ቢሰማኝ ይስቃል።

ችግሩ ማሽኗ ናት። በስልኬ አይሆንም፤ ስክሪኑ ተሰንጥቆ ግማሹ ጥቁር ነው። የኢሜይሌን የይለፍ ቃልም የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፣ እኔ ከረሳሁት ቆይቷል። እሷ ካልተነሳች ቅዳሜ የሚባል ነገር የለም።

ስለ ስምጥ ሸለቆ አስተምራለሁ። ወሰንኩ። ከምንኖርባት ከዲላ ብዙም ሳይርቅ አባያ ሐይቅ ቁልቁል ተኝቶ፣ ሌላ ምን አስተምራለሁ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ተነሳች! ተነሳች! ተነሳች!

በቅደም ተከተል ልጻፍልሽ፣ ደስታው እያቀላቀለብኝ ነው። ጠዋት ባለቤቴን ዘነበችን (ስሟ ረዝሞብኝ «ዘ.» እያልኩ የምጽፍልሽን) ስልኳን ለመንኳት። ቪዲዮ ፈልጌ አየሁ። አንድ ሕንዳዊ ሰውዬ፦ እንዲህ ስትጮህ ራሟ ቆሽሿል፣ ማህደረ ትውስታዋ ማለት ነው፤ ነቅላችሁ በላጲስ ጥረጉት አለ።

በላጲስ! ዕድሜ ልኬን የያዝኩት መሣሪያ! መሳቢያዬ ውስጥ የላጲስ ዘር አይጠፋም፤ ከተማሪ የወረስኩት ሁሉ አለ።

ሲፒዩውን ከፈትኩ። አቧራው! አንድ ጉንዳን ጭምር ሞቶ አገኘሁ፣ ምን ፈልጎ እንደገባ አላውቅም። ራሟ ቀጭን፣ የማስመሪያ ቁራጭ የምታህል፤ ከታች ቢጫ ጥርሶች አሏት። ጥርሶቿን ፈተግኳቸው። አበሩ። መልሼ ስጭናት ቀጭ አለች። እግረ መንገዴን እንደ ሰዓት ባትሪ ክብ የሆነችዋንም አውጥቼ ጠራርጌ መለስኳት። ካልቀረ ሁሉም ይጠረግ ብዬ።

አበራሁ። ጢጥ፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ ብርሃን! ጮህኩ። ዘ. መብራት የያዘኝ መስሏት ከጓዳ በባዶ እግሯ ሮጠች። ስትደርስ ስጨፍር አገኘችኝ። የተናገረችውን አልጽፍም።

ማሽኗ ቀኑን ረስታለች፣ ምስኪን። ገና ስትነሳ ንገረኝ አለችኝ። ደስ እያለኝ ሞላሁላት፦ ቀን 9፣ ወር 3፣ ዓመት 2018። ሰዓት ዘጠኝ ከሩብ።

ነገ ኢሜይሉን እከፍታለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ምንም አይከፈትም። ምንም! ኢሜይሉ አይከፈት፣ ዜናው አይከፈት። አንድ ቀይ ምልክት ትደቅንብኛለች፤ ከሥሩ እንግሊዝኛ። ስተረጉመው፦ ግንኙነትዎ የግል አይደለም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዋይፋዩን ነው። የት እንዳለ ታውቂያለሽ? ቡፌው ውስጥ! ከእንግዳ ብርጭቆዎቹ መሃል፣ ዘ. በሠራችለት ነጭ ዳንቴል ተሸፍኖ። ቴሌቪዥኑም ለብሷል፣ ፍሪጁም ለብሷል፣ እሱ ምን ስላጠፋ ይራቆታል ትላለች። መተንፈስ አለበት አልኳት። አቧራስ አለችኝ። ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ታረቅን፤ ዋይፋዩ ቡፌው አናት ላይ፣ ዳንቴሉ ከሥሩ። ሁላችንም ክብራችን ተጠበቀ።

መልሼ ሞከርኩ። ግንኙነትዎ የግል አይደለም።

ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። መምህር ነኝ፣ ቃሉን በቃሉ ነው የምይዘው። የግል አይደለም ማለት የጋራ ነው ማለት ነው። የጋራ ከሆነ ከማን ጋር? ዘ.ን ጠየቅኳት። የይለፍ ቃሉን ለሰርቪስ ቤቷ ተከራይ ለታደለች ሰጥታታለች። ለቸርቿ መዘምራንም ሰጥታለች! ልምምድ እኛ ሳሎን ያደረጉ ዕለት። ግማሽ ኳየር ቤቴ ውስጥ ተሰክቶ እየኖረ እንዴት የግል ይሆናል?

የዋይፋዩ የራሱ ገጽ ግን ሳያንገራግር ተከፈተልኝ። የይለፍ ቃሉን ቀየርኩት። ለማንም አልናገርም። ዘ. ጓዳ ሆና በስልኳ የምትሰማው መዝሙር መሃል ላይ ተቋረጠ፤ ስሜን ሙሉውን ስትጠራ ሰማሁ። ለእሷ ብቻ ነገርኳት፣ ምላ ተገዝታ።

ገና ሳልቀመጥ ታደለች በሩን አንኳኳች። የጨለለቅቱ ከተማ ልጅ ናት፣ ጤና ጣቢያ ነርስ፣ ጨዋ። ስልኳን ይዛ ቆመች።

«ጋሼ፣ ዋይፋይዋ ዛሬ እምቢ ብሏል። እናንተ ጋር ግን ይሠራል?»

እኔም ጋ አልሠራ ብሏል አልኳት። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም። አመስግና ሄደች።

ማሽኗ ላይ ግን ቀዩ ምልክት አሁንም አለ። በጣም ተናድጃለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ ጠዋት

ያልተመቸኝ ነገር። ትናንት አመሻሹ ላይ ታደለች ግቢው መሃል ቆማ፣ ስልኳን ወደ ሰማይ አንስታ አየኋት። ባሏ ወርቃ በሚባል ገጠር፣ ቡና ማጠቢያ ነው የሚሠራው፤ ወሩ የለቀማ ነውና እስኪያልቅ አይመጣም። በዋይፋዩ ነበር በየማታው የሚተያዩት። ዘ. ናት የነገረችኝ፣ ሆን ብላ፣ ሽሮዬን እያቀረበች። ግማሹን ትቼ ተነሳሁ።

ሐሙስ፣ ከሰዓት

ማስታወሻዬ!!! ስሚኝ!

እንደ መምህር ላስብ አልኩ። ተማሪ ፈተና ሲወድቅ ወንበሩን አትቀይሪም፤ ሌላ ተማሪ እዚያው ወንበር ላይ አስቀምጠሽ ትፈትኛለሽ። የዘ.ን ስልክ ማሽኗ አጠገብ አስቀመጥኩ። ያው ዋይፋይ፣ ያው ጠረጴዛ። መዝሙሩ ሳይቆራረጥ ፈሰሰ! ስለዚህ ዋይፋዩ ደህና ነው። መስመሩም ደህና ነው። ኳየሩም ንጹሕ ነው። ችግሩ ማሽኗ ውስጥ ነው፣ ማለትም እኔ ከከፈትኳት ወዲህ የመጣ።

ዘ. ስልኳን ልትወስድ መጥታ ትከሻዬ ላይ ጎንበስ አለች። የስክሪኑን ጥግ አየች። እንግሊዝኛ ብዙ አትችልም፤ ግን ያንን ቃል ከልጅነቷ ጀምሮ በቸርች ታውቀዋለች።

«አንተ፣ ማሽንህ ሰንዴይ ነው የምትለው። ዛሬ ለእሷ እሁድ ነው እንዴ?»

ሳቅኩ። ተሳስታለች ብዬ አየሁ። እሁድ! ቁልጭ ብሎ፣ እሁድ! በሐሙስ!

ከዚያ ወሩን አየሁ። ማርች። ከዚያ ዓመቱን። 2018። ማስታወሻዬ፣ በፈረንጅ 2018!

የኛን ቀን ነው የነገርኳት! ኅዳርን «ሦስተኛ ወር» ብዬ፣ ዓመቱን የኛን! ምስኪኗ ከሰባት ዓመት በፊት ያለች መስሏታል። ኢንተርኔቱ በሩ ላይ የፈቃድ ወረቀቱን ሲያሳያት «ይሄ ፈቃድ ገና አልተሰጠም፣ ገና ወደፊት ነው የሚጻፈው» እያለች አልገባም ብላለች። ትክክል ናት! በእሷ ቦታ ብሆን እኔም አልገባም። ግንኙነቱን ያበላሸው ታደለች አይደለችም፣ መዘምራኑም አይደሉም። እኔ ነኝ። ስለ ኬንትሮስና ስለ ሰዓት ክልል ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት እኔ!

አስተካከልኩ። 20፣ ኖቬምበር፣ 2025። ሰዓቱንም ስድስት ጨምሬ። ዜናው ተከፈተ! ካርታው ተከፈተ፤ አባያ ከላይ ሆኖ ታየኝ። ዘ.ን አቅፌ አነሳኋት፣ ወገቤን ጠቅ አደረገኝ፣ ግድ የለኝም።

ወዲያው ወደ ሰርቪስ ቤት ሄድኩ። ለታደለች ሁሉንም ነገርኳት፤ አልዋሽም፣ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። የይለፍ ቃሉን በእጄ ስልኳ ላይ ጻፍኩላት። ከባሏ ጋር ሳትነጋገር ያመሸችበት ትናንት የልደቷ ቀን እንደነበረ ነገረችኝ። ቆፍራችሁ ቅበሩኝ። ይቅርታ አልኳት፤ ደግሜ ይቅርታ። «ይሁን ጋሼ፣ ዛሬ ትከበራለች» አለችኝና ሳቀች።

ስመለስ መብራት ሄዷል። ኢሜይሉን ሳልከፍተው! ምንም አይደለም። ገና ቅዳሜ አልደረሰ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

መብራት የለም። ቀኑን ሙሉ የለም።

ወደ ሚካኤል የሚወጣው ሕዝብ በደጃችን ነጭ ለብሶ ሲፈስ ዋለ። ኅዳር ሲታጠን ነውና ሰፈሩ ደግሞ ቆሻሻውን ሰብስቦ አነደደ፤ ጭሱ እስከ ሳሎን። እኔም ከጠረጴዛው ሥር የሞቱ ገመዶችና ካርቶኖች አወጣሁ። ዘ. የዓመቱ ተአምር አለችው።

ነጩን ሸሚዜን አጠብኩ። ነገ እስከ ቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ፀሐይ አለ፣ ይደርቃል። ትምህርቱን ለመስታወቱ ሁለት ጊዜ አስተማርኩ። መስታወቱ ጥያቄ አልጠየቀም።

እፈራለሁ። ለማንም አልነግርም። ልጆቹ ቢሰለቹብኝስ? ሽማግሌ ቢሉኝስ? ግን ከፍርሃቱ ደስታው ይበልጣል፤ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፣ ጠዋት

መብራት አለ። ቁርስ በላሁ። ተረጋግቼ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ በነጠላ ጫማና በቤት ልብስ ማሽኗን አበራሁ። አንድ ጢጥ። ጎበዝ።

ኢሜይሉ ተከፈተ። አነበብኩት።

11:00። ከቀትር በፊት።

ከቀትር በፊት!!! በፈረንጅ! የእኛ ጠዋት አምስት ሰዓት! ማሽኗን በፈረንጅ አስተካክዬ፣ ራሴን በአበሻ ትቼው! የስክሪኑን ጥግ አየሁ። 10:24።

ማሽኗ ሐሙስ ባትነቃ ኖሮ፣ ዛሬ እስከ ምሽት ሸሚዝ ሳሰጣ እውል ነበር። ልጆቹ ገብተው፣ ጠብቀው፣ ወጥተው።

ቅዳሜ፣ ትንሽ ቆይቶ

ሸሚዜ እርጥብ ነው። ካውያ ስሰካ መብራቱ ብልጭ አለ፤ በድንጋጤ ነቀልኩት፣ ማሽኗ ከጠፋችማ አለቀልኝ። ዘ. ሠርግ ቤት ነች። ግቢው ውስጥ ታደለችን አየሁና ጮህኩ። ገብታ የባሏን ሸሚዝ ይዛ ወጣች፤ ሰማያዊ፣ የተተኮሰ። ትከሻው ይጠብበኛል። ከታች ቁልፉ አይገጥምም፣ ግን ካሜራው እዚያ አይደርስም። «አያምርም ጋሼ?» አለችኝ። ያምራል አልኳት። እሷ ሣቋን ይዛ ሄደች።

ቅዳሜ፣ 10:51 (በማሽኗ)

ገብቻለሁ። «አስተማሪው እስኪፈቅድ ተማሪዎች እየጠበቁ ነው» ይላል። አስተማሪው ማለት እኔ ነኝ።

አንገትጌዬን አስተካከልኩ። ልቤ ግን! ገደብ ከተማ፣ በመጀመሪያ ቀኔ ክፍል ስገባ እንኳ እንዲህ አልመታም።

ስሚ፣ አንድ ነገር ወሰንኩ፣ ሳልገባ ልጻፈው። ስምጥ ሸለቆን ትቼዋለሁ። የትምህርት ማስታወሻው ተዘግቶ ይቀመጥ። ዛሬ የማስተምረው ሰዓት ነው። ለምን የኛ ቀን ከፀሐይ ጋር እንደሚጀምር፣ የፈረንጁ ለምን ከሌሊት እኩሌታ። ከምድር ወገብ አጠገብ ስለሆንን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በቀጠሮዋ እንደምትመጣ። ማሽኔ ሐሙስ ዕለት ለምን እሁድ እንደዋለች እነግራቸዋለሁ። ስንፍናዬንም፣ የታደለችንም ልደት። ይስቁብኝ። የሳቀ ልጅ ይጠይቃል፣ ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ።

አዝራሩን ልጫን ነው። አንድ፣ ሁለት…

ፊቶች! ትንንሽ ሳጥኖች ውስጥ፣ ብዙ! አንዷ ልጅ ገና ሳልናገር እጇን አውጥታለች! ልሂድ!