ዝማሬ ያለፈችው ፈተና

ለእህቴ ልጅ ለአብርሆት፤ ጤናሽ እንደ ቦንጋ ዝናብ አይጉደልብሽ። የሄድሽበት ሥራ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። ክሴ ግን ይኸው፤ ልጅሽ ዝማሬ ሬዲዮኔን እስከ ጥግ ስለምትከፍተው ዶሮዬ ደንግጣ እንቁላል መጣል ተወች።

ማክሰኞ ለዝማሬ የጆሮ ፈተና ትምህርት ቤት ጠሩኝ። የልዩ ፍላጎት መምህሯ ሰብሌ ከዝማሬ ጀርባ ቆመው በቀስታ ቃል ይጠራሉ፤ እሷ ትደግማለች። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ፣ ተንኮሌን ታውቂ የለ፣ እያንዳንዱን ቃል ድምፅ ሳላሰማ በከንፈሬ አቀብላት ነበር። አንድም አልሳተች! «ችግር የለባትም» ተብሎ ቅጹ ላይ ተጻፈ፤ ከፊት ወንበርም ወደ ኋላ አዛወሯት።

ስንመለስ እየሳቅን ነበር። «ጋሼ፣ ነገም ክፍል መጥተህ ፊቴ ትቀመጥልኛለህ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሳቄ ቀንሷል፤ ብርዱ ይሆናል።

ቆይ፣ በሩ ተንኳኳ። ሬዲዮው ዝግ ነው። ዝማሬ እዚያው በሩ ሥር ሥዕል እየሳለች ነው፤ ቀና አላለችም። አሁንም ተንኳኳ።

በመስኮት አየሁ፤ ሳይታሰብ የመጡት መምህርት ሰብሌ ናቸው። ፈተናውን ይድገሙላት እላቸዋለሁ። እኔ ውጭ ከዶሮዬ ጋር እጠብቃለሁ።

በሰላም ያገናኘን።

አጎትሽ ጥሩሰው