መጣሁ ብሎ ሄደ

መጋቢት 9፣ ሰኞ

ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ስፖርት። ስፖርት ላይ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ማንም ተነስ አላለኝም።

የፊዚክስ አስተማሪው በሩ ላይ አስቆመኝ። ሸሚዜን ከላይ እስከ ታች አየው። «ምነው፣ ይሄን ሸሚዝ ጠርሙስ ውስጥ ነው እንዴ የምታሳድረው?» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ፊቱ ተለወጠ። «ግባ፣ ግባ የኔ ልጅ...» የኔ ልጅ ብሎኝ አያውቅም። ተረቡ ይሻለኝ ነበር።

እማዬ መተኮስ ትታለች። ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ ካውያውን አልነካችም። ሸሚዞቻችንን ታጥባለች፣ ታጥፋለች፣ በቃ። አልጠየቅኳትም። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ኮሌታ ይተኩሳል?

ስመለስ በኩሬው በኩል ዞርኩ። አለች። ሸምበቆው ውስጥ፣ በግራ በኩል፣ ቀይ ጣሪያዋ ብቻ ይታያል። ወንድሜና እኔ የሠራናት በሪሞት የምትሄድ ጀልባ... ርዝመቷ ከክንዴ አይበልጥም። እሱን ያወጡት ሰዎች እሷን ዞር ብለው አላዩዋትም። ማን ያያል?

መጋቢት 10

ዛሬም አለች።

መጋቢት 14፣ ቅዳሜ

የኩሬው ዘበኛ ጠራኝ። «ቡሽ! ና እስቲ ወዲህ።»

ቡሽ ያለኝ ወንድሜ ነው። ዋና ስለማልችል። «አትፍራ፣ ቡሽ አይሰምጥም» ይለኝ ነበር። አሁን በዚህ ስም የሚጠራኝ ዘበኛው ብቻ ነው የቀረው።

«ግንቦት አሥራ ዘጠኝ ማሽን ይመጣል» አለኝ። «ሸምበቆውን ከነሥሩ ፈጭቶ ነው የሚያወጣው። ኩሬው ይጸዳል ተብሏል።»

«ጀልባዋስ?»

«ማሽን ጀልባ ያውቃል እንዴ?»

«ገብቼ ላውጣት፣ ጋሼ?»

ዱላውን አነሳ። እውነቱን ነው፣ አነሳው። «አንዲት ጣትህ ትርጠብና ታያለህ! አንድ ቤት ሁለቴ ቀብር አልሄድም እኔ!»

ከዚያ ድምፁ ወረደ። «አንተ ልጅ... ምን ታደርግልሃለች?»

ምን ብዬ ልመልስለት? ፊቴን አዙሬ ወደ ቤት ሄድኩ።

መጋቢት 15፣ እሑድ

ለማንም ያልተናገርኩትን እዚህ ልጻፈው።

ጥር 19 እሑድ ነበር። ባትሪ መሙላት የኔ ሥራ ነው። ቅዳሜ ሳሎን ሰክቼዋለሁ... ሰክቼዋለሁ ብዬ ነበር። ጠዋት ሳነሳው ቻርጀሩ ከሶኬቱ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። በደንብ አልሰካሁትም ማለት ነው። ትንሽ ሳይይዝ አይቀርም ብዬ ከተትኩት።

ኩሬው ዳር ስንደርስ ጠየቀኝ።

«ሞልቷል?»

«ሞልቷል።»

ለምን? አንድ ጊዜ «ዝንጉ» ብሎ ኩርኩም እንዳይሰጠኝ። ለኩርኩም ብዬ!

ጀልባዋ ሸምበቆው አፍ ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። ሪሞቱን ብጫን፣ ብጫን... ሳቀብኝ። ሹራቡን አውልቆ አሸከመኝ። «መጣሁ» አለኝ።

ሰው ሊሄድ ሲል ለምንድን ነው «መጣሁ» የሚለው? ያን ቀን ስንት ጊዜ አሰብኩት። አረሙ እግሩን ያዘው። እኔ ሹራቡን ይዤ ቆሜ ነበር። ይመጣል ብዬ። መጣሁ ብሏላ።

ከዚያ ወዲህ ያቺ ቃል አፌ ላይ አትመጣም። ከቤት ስወጣ «ልሄድ ነው» እላለሁ።

ምናልባት ባትሪው ላይሆን ይችላል። ፕሮፔለሯ ላይ አረም ተጠምጥሞ ሊሆን ይችላል። ከሆነ የኔ ጥፋት አይደለም... ካወጣኋት አያለሁ። ማሽኑ ከፈጫት ግን እስክሞት አላውቅም።

ለዘበኛው ያልመለስኩለት ይሄንን ነው።

መጋቢት 21፣ ቅዳሜ

ወንድሜ ይሠራበት የነበረው ስልክ ጥገና ቤት ሄድኩ። ባለቤቱን ሰፈሩ «ዶክተር» ነው የሚለው። የሚሠራው ስልክ ሁሉ «ታማሚ» ነው።

«ምን አገኘህ? ታማሚ ይዘህ መጣህ?»

«ጀልባ የሚያወጣ ጀልባ መሥራት እፈልጋለሁ።»

መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። ከዚያ ከወንድሜ ጠረጴዛ ላይ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አነሳልኝ። የወንድሜ የሥራ ካፖርት አሁንም ሚስማሩ ላይ ነው። አልነካነውም።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነጭ ፎም፣ ሁለት ረጃጅም ቁራጭ። በላዩ ጣውላ። ከሥሩ ሞተርና ፕሮፔለር። ከፊቷ ሁለት ክንድ፣ ሰው ሊያቅፍ ሲል እንደሚዘረጋው። ክንዶቹ ጫፍ ላይ የሽቦ ሜንጦ። ከኋላዋ የዓሣ ማጥመጃ ክር። ሄዳ ታቅፋታለች፣ እኛ ከዳር እንጎትታለን።

ዶክተር እጄን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ወንድምህ መበየጃውን እንደ እስክሪብቶ ነበር የሚይዘው። አንተ እንደ አካፋ ይዘኸዋል።»

በሁለት ወር ውስጥ ስለ እሱ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ የማያደርግ ሰው ገና ዛሬ አገኘሁ።

ሚያዝያ 5፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው ሙከራ። ጉድ ሆንን።

እስከ ሸምበቆው አፍ በደንብ ሄደች። ከዚያ ተንገራገጨች... ቀጥ። ልክ እንደዚያን ቀን። እጄ ሪሞቱ ላይ ደረቀ። ዶክተር ነው ክሩን የጎተተው። ሞተሩ ላይ የተጠመጠመው አረም የሴት ልጅ ሹሩባ ያክላል።

ዘበኛው አገጩን ዱላው ላይ አስደግፎ፦ «እሺ፣ አዳኟን ማን ያድናታል? ሌላ ልትሠሩ ነው? ለሷስ?»

ዶክተር ሳቀ። እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር የማስበው። አረሙ እንዲህ የሚጠመጠም ከሆነ የኛንም ጀልባ ያስቆማት እሱ ነው ማለት ነው... ነው አይደል? ደስ አለኝ። በደስታዬ አፈርኩ።

ሚያዝያ 8

አባዬ ፎሙን አልጋዬ ሥር አገኘው።

አባዬ አናጢ ነው። የቀይዋን ጀልባ ጣውላ የቆረጠልን እሱ ነበር። ፎሙን ይዞ ሳሎን መሃል ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የትምህርት ቤት...»

«ዓይኔን እያየህ ንገረኝ።»

«ጀልባ ነው።»

«ጀልባ እዚህ ቤት አላይም። ገባህ? አላይም!» ሁለት ቦታ ሰበረው። ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ... ነጭ ፍርፋሪው ጢሙ ላይ ተጣበቀ። ማንም አልሳቀም።

እማዬ ከጓዳ «ተወው» አለች። ለእሱ ይሁን ለእኔ አላወቅኩም።

ሚያዝያ 19፣ ቅዳሜ

አሁን የምሠራው ዶክተር ቤት ብቻ ነው። ፎም ከቴሌቪዥን ሱቅ ለመንኩ። ሞላ አልሞላ ብዬ ባትሪውን በቀን አራቴ እለካለሁ። «ልጄ፣ ባትሪ እንጂ ትኩሳት እኮ አይደለም የምትለካው» ይለኛል ዶክተር።

ዛሬ አንድ የተሰበረ ድሮን ጠረጴዛው ላይ ጣለልኝ። «ሞተሩን ከውሃው አውጣው» አለኝ። «እላይ ይሁን። አየር ይግፋት። አረሙ አየር ላይ አይደርስም።»

ይሄ ለምን አልታየኝም? ሞተሩን እንጨት ላይ ሰቅዬ ከኋላዋ አቆምኩት። ስትነሳ እንደ ትልቅ ንብ ነው የምትጮኸው። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ደረሰኝ ሁሉ በተነችው። የወንድሜ ካፖርት ሚስማሩ ላይ ተወዛወዘ። ሁለታችንም አየነው።

ግንቦት 3፣ ቅዳሜ

ሠራች። አረሙ ላይ እንደ ዳክዬ ሄደች! ግን ነፋስ ሲመጣ ዞረች። ክንዶቿ ከብደዋል። በቀጭን ቱቦ እቀይራቸዋለሁ።

አሥራ ስድስት ቀን ቀረ።

ግንቦት 10፣ ቅዳሜ

አወጣኋት።

በቅደም ተከተል ልጻፍ። ነፋስ አልነበረም። ዶክተር ክሩን ያዘ። ዘበኛው ማንንም አላስጠጋም አለ፣ የሚጠጋ ሰው ግን አልነበረም። ልለቃት ስል ዶክተር ሳያስበው ጠየቀኝ።

«ሞልቷል?»

መለኪያውን አውጥቼ አሳየሁት።

ሄደች። ሸምበቆው ውስጥ ስትገባ አላያትም፣ ድምጿን ብቻ ነው የምሰማው። ዘበኛው የሽቦ አጥሩ መሠረት ላይ ወጥቶ ይመራኛል። «ግራ... ግራ አልኩህ! ግራህን አታውቅም እንዴ? ትንሽ... ደረሰች! አቀፈቻት!»

ሞተሩን አጠፋሁ። ዶክተር ክሩን ጠቅለል፣ ጠቅለል። ሸምበቆው ተነቃነቀ። ሁለቱም አንድ ላይ ወጡ፣ አንዷ ሌላዋን አቅፋ። መሄዱን በራሷ፣ መመለሱን በክር።

ዘበኛው ቆቡን አወለቀ። ለጀልባ ቆብ ይወለቃል? አወለቀ።

እዚያው ቁጢጥ ብዬ ገለበጥኳት። ፕሮፔለሯን አየሁ።

ምንም የለበትም። አንዲት ክር አረም የለበትም። በጣቴ ገፋ ሳደርገው ዞረ።

ባትሪው ነው። እኔ ነኝ።

ግንቦት 11፣ እሑድ

በማዳበሪያ ጠቅልዬ አመጣኋት። ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት። አባዬ ጋዜጣውን አጠፈ። እማዬ ከጓዳ ወጣች፣ እጇ ሳሙና ነው።

ሳልቀመጥ ተናገርኩ። ቻርጀሩ ወለሉ ላይ እንደነበር። እሱ «ሞልቷል?» እንዳለኝ። «ሞልቷል» እንዳልኩት። ሌላ ሰው ሲያወራ የምሰማ ነው የመሰለኝ።

አባዬ ግድግዳውን ያያል። ዱላ እንኳ ቢያነሳ...

«እኔ ነኝ» አለች እማዬ።

«ምኑ?»

«ቻርጀሩን የነቀልኩት። ካውያውን ልሰካ።» እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች። «የሰኞ ሸሚዝህን ልተኩስልህ። አንድ ሶኬት ነው ያለን... መልሼ እሰካዋለሁ ብዬ ረሳሁት። ጀልባዋ ውሃው ላይ ቆማ ነው ሲባል ሰማሁ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።»

ካውያው። አራት ወር ሙሉ!

«እማዬ፣ እኔ እኮ ወጥቶ አይቼዋለሁ። አይቼ ነው የዋሸሁት።»

«አንተ ልጅ ነህ።»

«አንቺስ? ሸሚዝ ነው የተኮስሽው!»

አቀፈችኝ፣ ሳሙናው አንገቴ ላይ ፈሰሰ። አለቀስን። ጥፋቱ ለሁለት ሲካፈል ይቀላል ብዬ ነበር። አልቀለለም። ግን ብቻዬን አይደለሁም።

አባዬ ተነሳ። አሁን ሰበራት ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ውሃ ሲንጠባጠብ ሰማሁ። ባልዲ ላይ ዘቅዝቆ ከውስጧ ያለውን ውሃ እያፈሰሰ ነው። በራሱ ፎጣ ጠረጋት፣ ጥጋጥጓን ሁሉ። በአውራ ጣቱ ጣውላውን ተጫነው።

«አብጧል» አለ። «ፀሐይ ላይ እንዳታወጧት፣ ትሰነጠቃለች። ጥላ ላይ... ቀስ ብላ ትድረቅ።»

እስኪመሽ ከአጠገቧ አልተነሳም።

ግንቦት 19

ማሽኑ መጣ። ሸምበቆው የለም። ኩሬው ራቁቱን ሆነ። ይህን ያህል ትንሽ ነበር እንዴ?

ሰኔ 2፣ እሑድ

ዛሬ ሸሚዜን ራሴ ተኮስኩ። እማዬ ከሩቅ ታየኛለች። ታየኝና ታየኝና አላስቻላትም። «ኮሌታው እንዲህ አይደለም! ከጫፍ ወደ መሃል ነው።» ካውያውን ከእጄ ወሰደችው። አያያዟ መጀመሪያ እንደሚያቃጥል ድስት ነበር። ከዚያ ኮሌታውን ጨረሰች። እጅጌውን ቀጠለች።

ስልኬ ጮኸ። ዘበኛው ነው። «ቡሽ! አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ የልጁ ጀልባ መሃል ላይ ቆማበት ጫማውን እያወለቀ ነው! ብለው፣ ብለው አልሰማ አለኝ። ያቺን ንብህን ይዘህ ድረስ!»

በካናቴራ ብቻ ተነሳሁ። አዳኟን ከአባዬ መሥሪያ ቦታ አነሳሁ። ክንዶቿን ትናንት በቀላል እንጨት ቀይሮልኛል፣ ሳልጠይቀው። ባትሪውን ለካሁ። ሞልቷል። በሩን ከፈትኩና ወደ ኋላ ጮህኩ፦

«መጣሁ!»

ወጣች። ያቺ ቃል ሳላስባት ወጣች። ደፉ ላይ ቀጥ አልኩ። እማዬም ካውያውን እንደያዘች ቀጥ አለች። ከሸሚዙ ላይ እንፋሎት ይነሳል።

«ኮሌታው ሊቃጠል ነው» አልኳት።

ብድግ አደረገችው። «ሂድ... ቶሎ በል።»

ሮጥኩ። ሰውዬው አንድ ካልሲ አውልቆ ሁለተኛው ላይ ነበር። «ጋሼ፣ ጫማዎን ያድርጉ» አልኩት። «ምን አገባህ?» አለኝ። ዘበኛው መሃላችን ገባ። «አድርግ ከተባልክ አድርግ!» አዳኟን ለቀቅኳት። ሄደች፣ አቀፈቻት፣ ጎተትናት። አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ሰውዬው ጫማውን ሲያስር እስከ መጨረሻው ቆሜ አየሁት። ሁለቱንም እግር።

ቤት ስገባ ሸሚዙ ተተኩሶ ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል። እማዬ ጓዳ ናት። የበሩን ድምፅ ሰማች።

«መጣህ?»

«መጣሁ።»