ወንድሜን የቀጠረው የጥበቃ ድርጅት

ጥር 4
የምሠራበት የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ዛሬም ወረፋው እስከ በር። አንዲት ታካሚ በሁለት ስም ሁለት ካርድ አውጥታ ተገኘች። ስልክ ቁጥሯ አጋለጣት። ሳቅን፤ እሷም ሳቀች።
ቤት ስገባ ታናሽ ወንድሜ መስታወት ፊት ቆሞ እንደ ወታደር ሰላምታ ይሰጣል። "ተቀጠርኩ!" የግል ጥበቃ ድርጅት፣ ውጭ አገር፣ የነዳጅ ዴፖ መጠበቅ። ሥራውን ያገኙለት አጎታችን ጋሼ ናቸው። እማዬ መሬት አልበቃትም። ፓስፖርቱን አስረክቧል... ለምን ካሁኑ?

ጥር 6
በምሳ ሰዓት የድርጅቱን ድረ ገጽ ከፈትኩ። "የአሥራ አምስት ዓመት ልምድ" ይላል። የአይቲ ሠራተኛችን መቼ እንደተመዘገበ አየልኝ። ሁለት ወሩ። "ገና ጥርስ አላወጣም እኮ!" አለ።
የዋና ሥራ አስኪያጁን ፎቶ በምስል ፍለጋ አስገባን። ሰውየው ሌላ አገር ያለ የጥርስ ሐኪም! እሱ በሳቅ ሞተ። እኔ ገጹን ፎቶ አነሳሁ።

ጥር 7
ለወንድሜ ነገርኩት። "ሰው ሲያልፍለት ዓይንሽ ደም ይለብሳል? ጋሼ ያጣሩትን አንቺ ልታጣሪ?"
ለእኔ... እንዲህ አለኝ።

ጥር 9
ፌስቡክ ገጻቸው ላይ አንዲት ሴት "ባለቤቴን የት አደረሳችሁት?" ብላ ጽፋለች። ከሰዓት ሳይ ጠፍቷል። ደግነቱ ፎቶ አንስቼዋለሁ። ጻፍኩላት። ወዲያው ደወለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ እያወራችኝ የስፌት መኪናዋ ይንጫጫል። ባሏ ከሄደ ስምንት ወሩ። ያኔ ድርጅቱ ሌላ ስም ነበረው። ዴፖ የሚባል ነገር የለም።
"መጨረሻ ሲደውል፣ 'ጠመንጃ አስያዙን፣ ነገ ግንባር ነን፣ ልጄን አደራ' አለኝ።"
መኪናው ቆመ። 

ጥር 10
የድሮውን ማስታወቂያ ላከችልኝ። ከሥሩ የመልማዩ ስልክ ቁጥር አለ። ልደውል መታሁት። ሳልጨርስ ስም መጣ። "ጋሼ"።
አጠፋሁ። አንድ በአንድ እያየሁ እንደገና መታሁ። ጋሼ።
አባታችን ሲሞት ያሳደጉን። ለወንድሜ የመጀመሪያ ደብተሩን የገዙለት... እሳቸው? 

ጥር 11
መለዋወጫ ሱቃቸው ሄድኩ፤ ብሎን ይቆጥራሉ። ማስታወቂያውን ፊታቸው አስቀመጥኩ። አልካዱም። ቢክዱ ይሻለኝ ነበር።
"የት እንደሚያደርሷቸው ያውቃሉ?"
"እኔ የማውቀው እስከ አውሮፕላን ጣቢያው በር ነው።"
"የእህትዎ ልጅ እኮ ነው!"
"ራሱ ለመነኝ። እኔ አስገደድኩት?"
"አንተ ሰው አይደለህም!" አልኩት። አንተ... በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።
መሳቢያውን ሳብኩ። በላስቲክ የታሰሩ አሥራ ሁለት ፓስፖርቶች፤ ከላይ የወንድሜ። ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሊያስቆመኝ አልተነሳም። ብሎን መቁጠሩን ቀጠለ።

ጥር 12
ለእማዬ ነገርኳት። አላለቀሰችም። "ወንድሜ?" አለች። ደግማ፣ "የእናቴ ልጅ?" 

ጥር 16
ፓስፖርቶቹን ለየባለቤቶቹ አደረስኩ። ሁለቱ "ዕድላችንን ዘጋሽብን" ብለው ሰደቡኝ። ይሁን፤ በሕይወት ኖረው ይስደቡኝ። ድረ ገጹ ጠፍቷል። ያስቀመጥኩትን ማስረጃ ሁሉ ለፖሊስ ሰጥቻለሁ። ሱቁ ተዘግቷል።

ጥር 19
ወንድሜ እስከ ዛሬ አኩርፎኝ ነበር። "ነይ እንሂድ፣ ሴትየዋን ልያት" አለኝ። ልብስ ሰፊዋ ቤት ገባን። የባሏን ፎቶ አሳየችን። የወንድሜ እኩያ፤ ፂሙ እንኳ በቅጡ ያልወጣ። ልጇ፣ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ወንድሜን ሽቅብ ስታየው ቆየችና፦
"አባዬ ካለበት ነው የመጣኸው?"
 ወንድሜ ተንበርክኮ አቀፋት።
ስንመለስ በራችን ላይ፣ "እህቴ፣ እንደ ባሏ የተወሰዱትን ሰዎች ቤተሰቦች አብረን እንፈልግ" አለኝ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።