ሃያ አራት ዓመት የተዘጋው ወቅት፦ የቆቅ ቆጣሪው አባታችን የሕይወት ታሪክ

አባታችን ከመንገድ ሥራ ዘበኛው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በሰኔ ወር 1946 ዓ.ም. ከዚህ መካነ መቃብር ጀርባ በሚጀምረው ሸለቆ አፍ ላይ፣ በአንዲት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። ስምንት ዓመት የሚበልጧቸው ታላቅ ወንድማቸው፣ ሁላችሁም «ሹፌሩ» እያላችሁ የምትጠሯቸው፣ ዛሬ ከሣጥኑ በስተቀኝ ቆመዋል። የዚህ ታሪክ ግማሹ የእሳቸው ስለሆነ አስቀድመን ፈቃዳቸውን ጠይቀናል። «ምንም ሳትቀንሺ አንብቢው» ብለውናል።

በልጅነታቸው ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም «ጆሮ» ነው። ታላቅ ወንድማቸው በማለዳ ሣሩ ዳር ያቆሟቸውና ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ስንት ቆቅ እንደሚጮህ ይጠይቋቸዋል። አባታችንም አንዷ ከግራር ሥር፣ ሁለቱ ከድንጋዩ ወዲያ እያሉ በጣታቸው ያመለክታሉ፤ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። በዚያ ዘመን ወቅት የለ፣ ገደብ የለ፤ ሰው ጆንያ ይዞ ይወጣና ጆንያው ሲሞላ ይመለሳል። ወንድማቸው ባለ አንድ አፈሙዝ የወፍ ጠመንጃቸውን ሲያነጣጥሩ አባታችን ከጎናቸው ተቀምጠው አቅጣጫውን ያሳያሉ፤ ጥይቱ የሚተኮሰው ከግራ ጆሯቸው በላይ ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚሁ አጠናቀው በተፈጥሮ ጥበቃ ሙያ የሁለት ዓመት ሥልጠና ከወሰዱ በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. በዱር እንስሳት ጽሕፈት ቤት ረዳት ቆጣሪ ሆነው ተቀጠሩ። ሥራቸውን ከመውደዳቸው የተነሣ በመጀመሪያ ደመወዛቸው የገዙት ጫማ ሳይሆን ሦስት ደብተርና አንድ የእጅ ሰዓት ነው።

እናታችን በዚያው ጽሕፈት ቤት የጽሕፈት መኪና ሠራተኛ ነበሩ። አባታችን አንድ የአደን ማስታወቂያ ሰጥተዋቸው በአንድ ሳምንት ውስጥ ለስድስተኛ ጊዜ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ሊያስተካክሉ ሲመለሱ እናታችን ቀና ብለው «ይህ ማስታወቂያ ነው የሚያመላልስህ ወይስ ሌላ ጉዳይ አለህ?» አሏቸው። ሌላ ጉዳይ ነበራቸው። በ1972 ዓ.ም. ተጋብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

በ1974 ዓ.ም. የሸለቆውን የመጀመሪያ የቆቅ አደን ደንብ ያረቀቁት አባታችን ናቸው። እኛ ልጆቻቸው ደንቡን ከማባዣ ሠንጠረዥ እኩል በቃል አጥንተነዋል። ቆቅ በምትታቀፍበትና ጫጩት በምትመራበት ወራት አደን የለም። ወቅቱ ሲከፈት ፀሐይ ከወጣች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይጀመርና እኩለ ቀን ላይ ይቆማል። ለአንድ ባለ ፈቃድ በቀን ሁለት ቆቅ ይፈቀዳል፤ ሦስተኛዋ ከእግሩ ሥር ብትነሣም ያልፋታል። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ገና ሲነጋጋ በአሥራ ሁለት ቦታዎች አምስት አምስት ደቂቃ እየቆሙ የሚጮኹትን አውራዎች መቁጠር ነው። ድምሩ ከአርባ ካነሰ ወቅቱ አይከፈትም።

ሹፌሩ ደንቡን ሲያነቡ «ሁለት ቆቅ ምን ልትሆነኝ ነው? አንዷ ለእኔ፣ አንዷ ለደንቡ?» ብለው አሾፉ። ይሁን እንጂ በየዓመቱ ፈቃድ በሚሰጥበት ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተሰልፈው ቁጥር አንድን የሚወስዱት እሳቸው ነበሩ። አውቶቡሳቸውን የሚያቆሙበትን ቀን አስልተው የወቅቱ መክፈቻ ላይ ያውሉታል። ሁለቱ ወንድማማቾች በዓመት አንድ ቀን፣ አንደኛው ጠመንጃ ሌላኛው ደብተር ይዘው አብረው ሸለቆውን ሲወርዱ ማየት ለቤተሰባችን ትልቅ ደስታ ነበር።

በ1988 ዓ.ም. ሁለት ዓመት ዝናብ ጠፍቶ፣ በላዩ ላይ ሣሩን እሳት በልቶት፣ ቆጠራው ሠላሳ አንድ ላይ ቆመ። አባታችን የመዝጊያውን ማስታወቂያ ጻፉ፣ እናታችን በመኪና መቱት። ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይነግራቸው ብለው ከቢሮ በቀጥታ ወደ ታላቅ ወንድማቸው ቤት ሄዱ። «ጋሼ፣ ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። በእጄ የዘጋሁትን በእጄ እከፍተዋለሁ» ብለው ቃል ገቡላቸው። ሹፌሩም ጠመንጃውን ዘይት ቀብተው፣ በአንሶላ ጠቅልለው ቁምሣጥን ላይ አስቀመጡት።

በቀጣዩ ዓመት ሠላሳ ሦስት ሆነ። ከዚያ ሠላሳ ስድስት፣ ከዚያ ሠላሳ ስምንት። ሹፌሩ የቆጠራው ቀን ማታ ቤታችን መጥተው ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ «ስንት?» ይሉ ነበር። ሠላሳ ስምንት በተባለበት ዓመት ሁለቱም እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ከዚያ በኋላ ግን ቁጥሩ ወደ ታች ተንሸራተተ፤ ሠላሳ አምስት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሃያ አራት። ዝናቡ ተመልሷል፣ ሣሩም ወገብ ደርሷል፤ አባታችን ግን ሸለቆው እየሞተ ነው ይሉ ነበር። ከቆጠራ ሲመለሱ ምግብ አይበሉም። በረንዳው ላይ ተቀምጠው «ዝም አለ እኮ፣ ጭር አለ» ይላሉ፤ ሰው እንደሞተበት ሰው።

በ1996 ዓ.ም. ሹፌሩ መጥተው አውቶቡሳቸውን አስቁመው መንገድ ያሻገሯቸው የቆቅ መንጋዎች መኖራቸውን በዓይናቸው እንዳዩ ተናገሩ። አባታችን ግን «እኔ የምጽፈው የሰማሁትን ነው፣ ለወንድሜ ብዬ ቁጥር አልጨምርም» አሉ። ሹፌሩ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። ከዚያ ቀን በኋላ አሥር ዓመት ሙሉ የቤታችንን ደጃፍ አልረገጡም። በሠርግና በለቅሶ ሲገናኙ በሩቁ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይተላለፋሉ። አባታችን ስለ ኩርፊያው አንድም ቀን አላማረሩም፤ ድሮ ወቅቱ ይከፈትበት በነበረው ቀን ግን ሥራ የሌለበት ቢሆንም ማለዳ ተነሥተው ለባብሰው ይቀመጡ ነበር።

ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። በእነዚህ ዓመታት አባታችን «ፉጨቱ ተበላሽቷል» እያሉ ሦስት ሻይ ማፍያ ቀያይረዋል። እናታችንም ቴሌቪዥኑ ጎረቤት ድረስ ይሰማል እያሉ ይጨቃጨቁ ነበር። እኛም ስቀን አለፍነው። በአገር ሁሉ «ጆሮ» እየተባለ የሚጠራን ሰው ጆሮ ማን ይጠረጥራል?

በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ታሞ አባታችንን ወደ ቆጠራው የወሰደቻቸው ሁለተኛዋ ልጃቸው፣ ይኸውም ይህን የማነብላችሁ እኔ ነኝ። ሦስተኛው ቦታ ላይ ቆምን። ሣሩ ከግራ ከቀኝ፣ ከፊት ከኋላ ይጮሃል፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይቀበለዋል። አባታችን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አምስቱን ደቂቃ ቆሙ። ከዚያ ደብተራቸውን ገልጠው «ባዶ» ብለው ጻፉ። እንባቸው መጣ። እኔ ዝም አልኩ። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ቀርቷቸዋል፣ በዚህ ዕድሜያቸው አላሳፍራቸውም ብዬ ነው፤ ግን ፈሪነትም ነበር፣ እናገራለሁ።

በ2006 ዓ.ም. በጡረታ ሽኝታቸው ላይ ጓደኞቻቸው ሲያመሰግኗቸው እሳቸው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የዘጋሁትን ሳልከፍት መውጣቴ ነው»። ይህን ከሰማሁ በኋላ መቻል አቃተኝ። በማግስቱ ወጥ ቤት ተቀምጠው ጋዜጣ ሲያነቡ ሻይ ማፍያውን ከጀርባቸው ጣድኩት። እስኪንጣጣ ድረስ አፏጨ። እሳቸው ገጽ ገለጡ። ትከሻቸውን ነክቼ ሳዞራቸው እንፋሎቱን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። የጠየቁኝ «ስንት ነበሩ?» ብቻ ነው። በዚያ የቆጠራ ማለዳ በየቦታው እየደመርኩ ስድሳ ድረስ ቆጥሬ መተዌን ነገርኳቸው። «ስድሳ» አሉ። ደጋግመው «ስድሳ» አሉና ፊታቸውን በጋዜጣው ሸፈኑ።

በሳምንቱ ማንንም ሳያስከትሉ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ቀጭን ድምፅ የሚሰማው የጆሯቸው ክፍል ቀስ በቀስ እንደደከመ፣ በግራ በኩል የባሰውም በልጅነት ከሰሙት ተኩስ የተነሣ ሳይሆን እንደማይቀር ተነገራቸው። ያን ቀን ለመሥሪያ ቤታቸው በእጃቸው ደብዳቤ ጻፉ፦ ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ የእሳቸው ቆጠራ እንዳይታመንና ሌላ ሰው እንዲቆጥር። በሙያቸው ስማቸውን ያስጠራውን ነገር በገዛ ብዕራቸው ሰረዙት። የደብዳቤውን ግልባጭ ይዘው ወደ ታላቅ ወንድማቸው ቤት ሄዱ።

ሹፌሩ ደብዳቤውን ቆመው አነበቡ። «አሥር ዓመት ክፉ ነህ ብዬ ሳማህ የኖርኩት፣ ለካስ ደንቁረህ ነው!» ብለው ሣቁ። አባታችንም ሣቁ። ቀጥሎ የሐኪሙን ወረቀት ሲያዩ ሣቃቸው ቆመ። ጠመንጃው የማን እንደነበር ሁለቱም ያውቃሉ። «እንግዲያው ወቅቱን የዘጋሁት እኔው ነኛ» ብለው ታናሽ ወንድማቸውን አቅፈው አለቀሱ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለውን እኛ ቤት በዚህ ተማርነው።

መሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ነውና ደብዳቤው ሁለት ዓመት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ቆየ። በመጨረሻ በተከታታይ ሦስት ዓመት ተቆጥሮ እንዲታይ ተወሰነ፤ ሃምሳ ስምንት፣ ስድሳ ሦስት፣ ስድሳ ስድስት ሆነ። አባታችን በሦስቱም ዓመት አብረው ወጥተዋል። ወጣቱ ባለሙያ ለመሥሪያ ቤቱ ሲቆጥር እኔ ለእሳቸው በሰማሁት ቁጥር ጣቴን አነሣለሁ፣ እሳቸው ፊቴን እያዩ በደብተራቸው ይጽፋሉ። የመስሚያ መሣሪያ ገዝተንላቸው ነበር፤ ንፋሱንና የገዛ ኮታቸውን ኮሽታ ሰሙበት፣ ቆቅ ግን አልሰሙበትም። ለልጅ ልጆቻቸው ጩኸቱን በአፋቸው ሲያስመስሉ ዓይናቸው ይርቃል። ልክ ነው ወይ ብለው ሲጠይቁን ልክ ነው እንላቸዋለን፤ ደግሞም ቁርጥ እሱው ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ አንዷን ብቻ ብሰማ ይሉ ነበር። ምን ያህል እንደናፈቃቸው በቃል ልነግራችሁ አልችልም።

ባለፉት አሥር ወራት በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ሐሙስ ጥቅምት 6 ቀን 2012 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ አምስት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ዐረፉ። ከማረፋቸው በፊት ወቅቱ እንዲከፈት ተወስኖ ነበር፤ በመክፈቻው ማስታወቂያ ላይ የፈረሙት አዲሱ ኃላፊ ናቸው፤ ቦርዱ ላይ እንዲለጥፉት የተሰጠው ግን ለአባታችን ነበር። ከሐኪም ቤት ፈቃድ ጠይቀው ወጥተው፣ ሹፌሩ ሙጫውን ይዘውላቸው፣ በእጃቸው የዘጉትን በእጃቸው ከፍተዋል። ማስታወቂያው የመክፈቻውን ቀን ቅዳሜ ጥቅምት 8 ይላል። ዛሬ ነው።

ዛሬ ማለዳ በሸለቆው ሦስት ተኩስ ብቻ ተሰምቷል። ከአርባ ሦስቱ ባለ ፈቃዶች ሠላሳ ስምንቱ ጠመንጃቸውን ቤታቸው አስቀምጠው እዚህ መጥተዋል። የቀሩትን አምስቱን አናማቸውም፤ ሕጉ ፈቅዶላቸዋል፣ አባታችንም ደስ ይላቸው ነበር። ቁጥር አንዱ ፈቃድ በሹፌሩ ኪስ ውስጥ ነው።

አባታችን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆችን፣ አምስት የልጅ ልጆችንና አንድ ታላቅ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ጊዜ ከጎናችን ላልተለያችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። ፈጣሪ ለእኛ መጽናናትን ይስጠን፤ ለእሳቸውም በድካማቸው ልክ ዕረፍት፣ በናፍቆታቸው ልክ የናፈቁትን ድምፅ ይስጣቸው።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ቀብሩን ለአሥራ አንድ ሰዓት ያደረግነው በምክንያት ነው፤ ቆቅ ጠዋትና ወደ ማታ ትጮሃለች፣ የመጀመሪያው መቁጠሪያ ቦታም ከዚህ ግንብ ጀርባ ነው። በአባታችን ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ የዛሬን ቀን አስቀድመው በእጃቸው ጽፈውታል፤ ከሥሩ ባዶ ነው። ደብተሩና እርሳሱ በታላቅ ወንድማቸው እጅ ናቸው። እንደ ደንቡ ለአምስት ደቂቃ ዝም ብለን እንስማላቸው።