ለቲያን ጠመንጃ አዲስ አፈሙዝ

ጁን 3፣ ማክሰኞ

ብርድ። የውኃ መሳቢያው ሞተር አልነሳ ብሎ ጠዋቱን ሙሉ ስንታገለው አረፈድን። ልብስ አጠብኩ። የልጄን የቲያንን ሸሚዝ አሁንም ከሌላው ጋር አጥቤ አጣጥፋለሁ... ለማን?

ከሰዓት ፖሊስ የቲያንን ጠመንጃ መለሰልን። አደን ላይ ጎሹ ልጄን ጥሎ ከገደለው በኋላ ጠመንጃውም ላይ ቆሞበታል። አፈሙዙ እንደ ማጭድ ጎብጧል። ከቀበቶው የተገኙ ሦስት ጥይቶችም በትንሽ ከረጢት መጡ። የፈረምኩት እኔ ነኝ። ጠመንጃው የአባቴ ነበር፣ ፈቃዱም በእኔ ስም ነው። ባሌ ባሬንድ ከበረት አልወጣም።

እራት ላይ ግን መጣና አገላብጦ አየው። "የሄደው አፈሙዙ ብቻ ነው" አለ። "አዲስ እናስገባለታለን። ግን ዘጠኝ-ሦስት ሚሊው ከእንግዲህ ይብቃን። ከፍ ያለ ካሊበር፣ ወፍራም ጥይት የሚተኩስ።"

ልጄን ከቀበርኩ ሰባት ሳምንት አልሞላኝም። ባሬንድ ስለ ካሊበር ያወራል።

ጁን 5

ልጄ ማርሊዝ የወንድሟን ሥራ ልትይዝ ነው። እዚያው የአደን ካምፕ፣ አዳኞችን መምራት፣ ከኦገስት ጀምሮ። ለአባቷ ነግራ ለእኔ ሳትነግር ሰነበተች።

"አንድ ልጅ አይበቃም?" አልኳት።

"ማ፣ እኔ ከቲያን የተሻልኩ ተኳሽ ነኝ። እሱ ራሱ ይለው ነበር።"

"እሱ የት አለ አሁን?"

ሳህኑን አስቀምጣ ወጣች። ክፉ ነገር ተናገርኩ። ይቅርታም አልጠየቅኩም።

ለካ ከፍ ያለ ካሊበር የተፈለገው ለእሷ ነው።

ጁን 7፣ ቅዳሜ

እንደ ወትሮው ጎረቤቶች መጡ፣ እሳት ተነደደ፣ ሥጋ ተጠበሰ። ሰው ሞተ ተብሎ ቅዳሜ አይቀርም እዚህ አገር።

ጎረቤታችን ሳሬል ቢራውን ይዞ ጀመረ። "ዘጠኝ-ሦስት ለጎሽ? እሱ እኮ ጎሹን ማስነጠስ ነው!"

ሳቁ። እኔ ሥጋ እያገላበጥኩ ፊታቸው ቆሜ።

"አራት መቶ አሥራ ስድስት የሚባለውን ትልቁን ካሊበር ቢይዝ ኖሮ ልጁ ዛሬ እዚህ ነበር። ካልሆነም ስቶ ይሆናል። ጎሽ ሲመጣብህ እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ አይፈረድበትም።"

"አንተ ሳሬል" አልኩት፣ "ከርከሮ አባሮህ ዛፍ ላይ ያደርክ ሰው ነህ። ስለ ልጄ እጅ አታውራ።"

"ኧረ ታኒ ሄስተር... ለክፋት አይደለም" አለ፣ አክስቴ እያለ ሊያለሳልሰኝ።

ባሬንድን አየሁት። አንድ ቃል ይናገራል ብዬ። እሳቱን እየቆሰቆሰ "ካሊበሩ አነሰ፣ ሌላ ምንም አይደለም" አለ። አባቴ በዚያው ጠመንጃ አርባ ዓመት ጎሽ አድኗል። በአልጋው ላይ ነው የሞተው። ታዲያ እንዴት አሁን አነሰ? አንድ ሰው እንኳ አይጠይቅም?

ጁን 12

ብቻዬን ከተማ ሄድኩ፣ ሁሉም ኦም፣ አጎቴ፣ የሚለው ጠመንጃ ሠሪ ሄልሙት ዘንድ። ሰማንያ ዓመት አልፎታል፣ እጁ ግን እንደ ሰዓት ሠሪ ነው። ጎባጣውን አፈሙዝ ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ባሬንድ ስልክ ደውሎልኝ ነበር። አራት መቶ አሥራ ስድስት ይላል። ሄስተር፣ የዚህ ጠመንጃ ሆድ፣ ጥይቱ የሚቀመጥበት፣ ለእሱ ጠባብ ነው። ፍቀህ አስፋው ካልሽኝ እፍቃለሁ፤ የተፋቀ ብረት ግን ይደክማል። ከፍ ይበል ካላችሁ ሌላ መላ እንፈልግ። ለመሆኑ ዘጠኝ-ሦስቱን ምን ነካው?"

"አነሰ ይላሉ።"

"ማነው የሚለው? ልጁ ጎሹን የት መታው?"

የአደን ተቆጣጣሪው የጻፈውን ሰጠሁት። ትከሻው ላይ፣ ልክ መመታት ያለበት ቦታ። ጥይቱ ግን አጥንቱ ላይ ቆሟል፣ ወደ ውስጥ አልዘለቀም። ኦም ሄልሙት ሁለት ጊዜ አነበበው። "ጥይት ተርፎታል?" አለኝ።

ከረጢቱን ሰጠሁት። የሦስቱም ቂጥ ላይ ቀይ ቀለም አለ። ባሬንድ የሁላችንንም ጥይት ባሩድ እየመዘነ ራሱ የሚሞላው ቤት ውስጥ፣ ማድ ቤት ጠረጴዛው ላይ ነው። ቀዩ የጎሽ ነው። ቀለም የሌለው የቋንጣ ነው፤ ለቋንጣ አጋዘን ሲመታ ሥጋው እንዳይበላሽ ባሩዱ ይቀነሳል።

አንዱን ፈታው። ባሩዱን ሚዛን ላይ አፈሰሰ። ሁለተኛውን ፈታ። ሦስተኛውን።

"ሄስተር፣ ተቀመጪ።"

አልተቀመጥኩም።

"እርሳሱ የጎሽ ነው። የባሩዱ ልክ ግን የቋንጣ ነው። በዚህ ጎሽ አይቆምም። በማንኛውም ካሊበር አይቆምም።"

ጁን 13

ለባሬንድ ምንም አልነገርኩትም። ዳቦ መቁረጥ እንኳ ፈራሁ፣ ቢላ እጄ ላይ ሆኖ እሱ አጠገቤ ስላለ።

ጁን 14፣ ቅዳሜ

ጎረቤቶች እንዳይመጡ አድርጌያለሁ። የባሩድ ሚዛኑን አምጥቼ ባሬንድ ፊት አስቀመጥኩ። ፊቱ ዐመድ ሆነ።

"መቼ አወቅክ?"

"...ከቀብሩ በኋላ። እንደገና ጥይት ልሞላ ስቀመጥ ሚዛኑ አሁንም ቋንጣው ልክ ላይ ነበር። ያኔ የቲያንን ስሞላ ሳሬል መጥቶ ብራንዲ እየጠጣን... ወደ ጎሹ ልክ መመለሱን ረሳሁት።"

"የቀሩትን ጥይቶችስ?"

"ጉድጓድ ውስጥ ጣልኳቸው።"

ረሳሁት! ሰው ይረሳል፣ እሺ። እኔም ድስት አሳርራለሁ። ግን ሁለት ወር ሙሉ መደበቅ! ልጄ ጎሹ ፊት እግሩን ተክሎ ቆሞ፣ አልሞ፣ የሚመታውን ቦታ መትቶ... እነሱ እጁ ተንቀጠቀጠ ሲሉ አባቱ እሳት ይቆሰቁሳል! ሳሬል ሲስቅበት ዝም!

"ሴት ልጅህንም በዚህ ውሸት ልትልካት ነበር" አልኩት። "ትልቅ ጠመንጃ አስይዘህ፣ ወንድሟ ለምን እንደሞተ ሳታውቅ።"

አለቀሰ። እንዲያለቅስ ተውኩት።

ጁን 15

ለማርሊዝ ራሱ ነገራት። በሩ ዝግ ነበር፣ አልሰማሁም። ስትወጣ የባሩዱን መሙያ ዕቃ ሁሉ በካርቶን ይዛ ነበር። ወደ ክፍሏ አስገብታ ቆለፈችበት።

"ከዛሬ ጀምሮ የራሴን እኔ እሞላለሁ" አለች። ለማን እንደተናገረች አላውቅም።

ጁን 18

ኦም ሄልሙት ደወለ። "ቆረጣችሁ? ምን ልክ ላስገባ?"

ባሬንድ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ስልኩን ላቀብለው ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም።

"ዘጠኝ-ሦስት" አልኩ። "እንደነበረው።"

ጁን 21፣ ቅዳሜ

እንዲመጡ አደረግኩ። ሁሉንም።

ሳሬል ገና ሳይቀመጥ፣ "እና አራት መቶ አሥራ ስድስቱ ደረሰ?" አለ።

ባሬንድ ተነሣ። "ዘጠኝ-ሦስቱ ጥፋት የለበትም። ልጁም አልሳተም። ባሩዱን ያጎደልኩት እኔ ነኝ። በዚህ እጄ።"

ማንም ቢራ አላነሳም። ሳሬል ወደ እኔ ዞረ። "ታኒ ሄስተር... ስለ እጁ ያልኩትን..."

"ለእኔ አይደለም" አልኩት። "መቃብሩ ከግድቡ ማዶ ነው። መንገዱን ታውቀዋለህ።"

ሄደ። በእግሩ። ሌሎቹም ተከተሉት፣ ባሬንድ መጨረሻ ላይ።

ማርሊዝ ከኋላቸው እያየች፣ "ኦገስት ላይ እሄዳለሁ ማ" አለችኝ።

አትሂጂ አላልኳትም። ንዴቴ አልወጣልኝም፣ ባሬንድንም ይቅር አላልኩትም፣ ምናልባትም አልልም። ልጄ ግን አልሳተም። አሁን ሁሉም ያውቃል።