ትርንጎ ጋ የሚያደርስ ቪፒኤን

ሰኞ፣ ኅዳር 5

ፌስቡክ ዛሬ ጭራሽ ጠፋ። ገጹ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከዚያ ነጭ ሆኖ ይቀራል። የሞባይል ዳታ ከተቋረጠ ሰነበተ። የሆቴሎቹ መስመር ቀርቶልን ነበር፣ ይኸው እሱም። ትናንት ከሰዓት ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራውን የእህቴን የትርንጎን መልእክት ያነበብኩት በሲሳይ ሆቴል ኮምፒውተር ነው። ሲሳይ አብሮ አደጌ ነው፤ እንግዳ በጠፋበት ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነው። መልሱን ጀምሬ ሳልጨርስ መስመሩ ቀጥ አለ።

እንዳልረሳው የጻፈችውን ልገልብጠው፦

«ወንድምዬ፣ ማዳሟ ቅዳሜ ጠዋት ለወንድሟ ልትሰጠኝ ነው፣ ሌላ ከተማ። ከእኔ በፊት የሰጠቻት ልጅ የት እንደደረሰች የሚያውቅ የለም። የእኛን አገር ሴቶች የሚያስጠጋ ቤት እዚሁ ቤይሩት አለ ይላሉ። መንገዱን ጠይቅና ጻፍልኝ። ለአባባ እንዳትነግር።»

መደወል አይቻልም። ሲም ካርዷን ወስደውባታል። ያላት በጎረቤት ዋይፋይ የምትሠራ አሮጌ ስልክ ብቻ ናት። ፌስቡክ ካልተከፈተ ትርንጎን በምንም አላገኛትም። አምስት ቀን አለኝ። ጨነቀኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6

በጭነት መኪና ብልባላ ሄድኩ። እታገኝ የምትባል ከቤይሩት የተመለሰች ሴት እዚያ ገበያ ላይ ጨውና በርበሬ ትሸጣለች። ስለ ቤቱ ስጠይቃት መጀመሪያ የገዢዋን በርበሬ ሰፍራ ጨረሰች። ከዚያ «ሦስት ወር ተኝቼበታለሁ» አለች። የመንገዱን ስም አታውቅም። ዓይኗን ጨፍና እጇን ግራ ቀኝ እያደረገች ነገረችኝ፤ የባሕሩን መንገድ፣ ድልድዩን፣ ዳቦ ቤቱን፣ ሰማያዊውን በር። ሁለት ጊዜ አስደገምኳት፤ አልተለወጠም።

ስነሳ «ቶሎ ድረስላት፣ ወንድሜ። ወደ ሌላ ከተማ የተወሰደች በቀላሉ አትመለስም» አለችኝ። ግማሹን መንገድ በእግሬ ነው የተመለስኩት፤ መኪና አልነበረም። እግሬ ተልጧል። አባባ ከየት መጣህ ሲሉኝ ቱሪስት ይዤ ነበር ብዬ ዋሸሁ። ቱሪስት ከየት ይመጣል፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 7

ሲሳይ ጋ ሮጥኩ። ሥራ አስኪያጁ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ፈርቶ ኮምፒውተሩን ቢሮው ውስጥ ቆልፎበታል። «እናንተ ጋ የስልክ መስመር አለ አይደል፣ በቤትህ ኮምፒውተር ሞክር፣ ቪፒኤን ጫንበት» አለኝ ሲሳይ። ሲያስረዳኝ በሌላ አገር በኩል ዞሮ መግባት ነው። ኮምፒውተሩ ላሊበላ ተቀምጦ ሌላ አገር ነኝ ይላል፣ ፌስቡክን የዘጋውም ሳያውቀው ያልፈዋል። አንድ ቱሪስት አምና የተወለት ፍላሽ ላይ ሦስት ዓይነት አለ። በካልሲዬ ውስጥ ይዤው መጣሁ። ምን እንደምፈራ እንጃ፣ ብቻ ፈራሁ።

አንደኛው፦ የባንክ ካርድ ቁጥር አስገባ ይላል። የምን ካርድ።

ሁለተኛው፦ መልኩ ያምራል። ስከፍተው ኮምፒውተሩ ቫይረስ ነው ብሎ ጮኸ። ተውኩት።

ሦስተኛው፦ ነጻ ነው። በወር ትንሽ ዳታ ብቻ ይሰጣል። እኔ የምፈልገው አንድ ደብዳቤ ነው፣ ይበቃኛል።

ሦስተኛውን መረጥኩ። መጫን ጀመረ፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። እስኪመሽ ጠበቅሁ፣ አልመጣም። ከንፈሬን ነክሼ ደም አውጥቻለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 8

መብራት ረፋዱ ላይ መጣ። ቪፒኤኑ ተጫነ! «አገር ምረጥ» አለኝ። ሊባኖስን ፈለግሁ፤ ለእሷ ይቀርባታል ብዬ። ሞኝነቴ። ሊባኖስ ዝርዝሩ ላይ የለችም፤ ሆላንድን ነካሁ። አልገናኝ አለ። ፈረንሳይን። አልገናኝ አለ። ያሉትን አገሮች በሙሉ ከላይ እስከ ታች ሞከርኩ። ኢሜይል ልክፈት ብል እሱም እምቢ። ሁሉንም ዘግተውታል ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ያው ነው።

ከሰዓት የቀበሌ ሰው የሆነው ጎረቤታችን አጥር ላይ ተደግፎ «ኢንተርኔት አለህ አሉ፣ ይሠራል እንዴ?» አለኝ። እየሳቀ ነው የጠየቀኝ። «ኧረ የለም፣ ለወጉ ነው የተቀመጠው» አልኩት። ገባሁና ፍላሹን ጤፍ ጎታ ውስጥ ቀበርኩት።

ነገ ዓርብ ነው። እህቴን እንደ ዕቃ ሊያቀባብሏት ነው፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ አገር እመርጣለሁ። ማንን እንደምሳደብ እንኳ አላውቅም።

ዓርብ፣ ኅዳር 9

በእርጋታ ልጻፈው።

ጠዋት ኢሜይሉን እንደገና ስሞክር የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። እስካሁን «አይቻልም» የሚለውን ብቻ አይቼ ነበር የምዘጋው። የዚህ ገጽ ማረጋገጫ የሚጀምረው 2016 ላይ ነው፣ ገና አልደረሰም፤ የኮምፒውተርህን ቀን ተመልከት ይላል። ከታች ጥጉ ላይ አየሁ። 2009። ቪፒኤኑም አልገናኝ ያለኝ ለዚሁ ነው።

እኔው ነኝ ያደረግሁት! አባባ መሪጌታ ናቸው፤ ባሕረ ሐሳብ ቆጥረው የጾሙንና የበዓሉን ቀን ለደብሩ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። በአዲስ ዓመት ዕለት ኮምፒውተሩን አይተው «በቤቴ የተሳሳተ ዘመን ተሰቅሎ አልይ» ሲሉኝ ደስ ይበላቸው ብዬ በእኛ አቆጣጠር ሞላሁት፤ ወሩን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን ሁሉ። ከዚያ ወዲህ ኢንተርኔት የምጠቀመው በስልኬ ስለነበር አልታወቀኝም። ለስንቱ ቱሪስት «እዚህ ስትደርሱ በሰባት ዓመት ወጣት ሆናችኋል» እያልኩ የማስቅ አስጎብኚ፣ ኮምፒውተሬ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሲቀር አላየሁም። ግንባሬን በቡጢ መታሁት።

አባባ ድምፁን ሰምተው ገቡ። ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻልኩም፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ከእሑድ።»

«ብቻህን ተሸክመኸው ሰነበትክ» አሉ። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ እያዩ «ዘመናችን ስሕተት ነው ነው የሚለው?» አሉ።

«አላወቀውም እንጂ፣ አባባ።»

«እንግዲያው በሚያውቀው ንገረው። ምን ትጠብቃለህ?»

በጣታቸው አንጓ ቆጠሩና «ኖቬምበር አሥራ ስምንት፣ ዓመቱን ሰባት ጨምርበት» አሉኝ። አራት ከሩብ የሚለውን ሰዓት አሥር ከሩብ አደረግሁት። ሆላንድን ነካሁ። አረንጓዴ መብራት በራ። ፌስቡክ ተከፈተ!

አላለቀም። ከሆላንድ የገባኸው አንተ ነህ ወይ፣ ፎቶው የየትኛው ጓደኛህ እንደሆነ ከስሞቹ ምረጥ አለኝ። መጀመሪያ የወጣው ቤተ ጊዮርጊስ። ቀጥሎ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል። ቀጥሎ ቤተ ጊዮርጊስ፣ በሌላ ጎን። የእኔ ጓደኛ ግማሹ አስጎብኚ ግማሹ ዲያቆን ነው፣ ፊቱን የሚለጥፍ የለም። ሁለቱን አላውቅም ብዬ አለፍኳቸው፣ ሦስተኛውን ከሳትኩ ይዘጋል። አባባ መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ። በፎቶው ጥግ አንድ እጅ መቋሚያ ይዟል።

«ይቺ የኔ መቋሚያ ናት» አሉ። «ለዲያቆን ታምሩ ነው ያዋስኩት፣ እስካሁን አልመለሰም።»

ታምሩን ነካሁ። ገባሁ።

የእታገኝን መንገድ ጻፍኩላት። ከየት እንደምትነሳ፣ የቱ ጋ እንደምትታጠፍ፣ በሩን ስንት ጊዜ እንደምታንኳኳ። ሥራዬ መንገድ መምራት ነው፣ እህቴን ግን ባላየሁት ከተማ ነው የመራኋት። አንድ ቃል ብሳሳት ምን እንደሚሆን እያሰብኩ አምስት ጊዜ አነበብኩት። ላክሁ። ሄደ። ግን አላየችውም። እስከ ምሽት አላየችውም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10

ሲነጋ ከፈትኩ። አይታዋለች! ከሥሩ ጽፋለች፦

«አነበብኩት። ቆሻሻ ልጥል ነው ብዬ እወጣለሁ። አባባ ይጸልዩልኝ።»

ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። ስሟ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ነጥብ ጠፍቷል። ከግቢው ከወጣች ዋይፋዩ አይደርሳትም፣ ስለዚህ ዝምታው ደግ ነው እላለሁ። ከያዟትም ዝምታው ያው ነው። ለአባባ የመጀመሪያውን ብቻ ነገርኳቸው። እሳቸውም ሁለተኛውን አልጠየቁኝም።



እሑድ፣ ኅዳር 11

የለም። ምንም የለም።

አባባ ዛሬ ቅዳሴ አልሄዱም። እንዲህ ሲያደርጉ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ሰው ልከው ቢያስጠይቋቸው «ልጄን እየጠበቅሁ ነው በላቸው» አሉ። ወንበሩን ስበው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠዋል፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ። ዳዊታቸውን በቃላቸው ይደግማሉ። ስክሪኑ ሊጨልም ሲል ማውሷን በአንድ ጣት ነካ ያደርጓታል፣ እንደገና ይበራል።

«እኔ ልቀመጥ፣ እርስዎ ትንሽ ይረፉ» ብላቸው «አንተ ተኛ» አሉኝ። አልተኛሁም። ከጎናቸው መሬት ላይ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ።